ፍላቱ ሳይፈጸም ስለ ታሸገ ጠላ

(ለሕዝብ በቃል ከቀረበ ትምህርት የተጻፈ)



ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን ለዚህ መጠጥ በየዕድሜው ስም አውጥተውለታል። ጌሾው ከብቅሉና ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ገና ሲጀመር ጥንስስ ነው፤ እንኩሮው ተጨምሮበት ሲጠነክር ድፍድፍ ይባላል፤ ውሃ ተሞልቶበት ገና ሳይጠራ፣ አተላውም ወደ ታች ሳይወርድ የተቀዳ እንደ ሆነ ጉሽ ነው፤ ጠርቶና ሰክኖ ለእንግዳ ለመቅረብ ሲበቃ ግን ሌላ ስም ሳያስፈልገው ‹‹ደረሰ›› ይባላል። ዛሬ የምናገረው ስለ ጉሹ ነው፤ ይኸውም ገና በመፍላት ላይ ያለ መጠጥ፣ ጠማቂው ደርሷል ብሎ ስላመነ ብቻ፣ በመስታወት ጠርሙስ ተሞልቶና በቆርኪ ታትሞ በመደርደሪያ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን፣ ስለ ምንስ እንደሚሆን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ነገሩን የተማርሁት ከመጽሐፍ አስቀድሞ በእጄ መዳፍ ነው። በአሜሪካ ስኖር እኅቴ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና እንደሚነሣ ታውቃላችሁና ቀኑ ወደ ፊት የማይገፋ ቀን ነበር። ጋን በሌለበት አገር፣ በነጭ የፕላስቲክ በርሜል፣ ከአገር ልጆች ሱቅ በገዛሁት ጌሾና ብቅል ጠላ ጠመቅሁ። ወራቱ የበረዶ ወራት ስለ ነበረ ምድር ቤቱ ይቀዘቅዝ ነበርና፣ በሳምንቱ መጨረሻ ጠላው መንተክተኩን ተወ፤ እኔም ዝምታውን እንደ ፍጻሜ ቈጥሬ በአርባ ያህል የቢራ ጠርሙስ ሞላሁት፣ በቆርኪ መትቼም ለእጅ እንዲቀርብ በማሰብ ማሞቂያው አጠገብ ባለው የማድ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደርሁት። በሦስተኛው ሌሊት እንደ ጥይት የሚጮኽ ድምፅ ቀሰቀሰን፤ ጥቂት ቆይቶም ሁለተኛው ተከተለ። የቁም ሣጥኑን መዝጊያ ብከፍት የመስታወቱ ስባሪ በእንጨቱ ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁት፤ ከግድግዳው በስተኋላ አራሷና ሕፃኑ ተኝተው ነበር። ደንግጬ የቀሩትን ወደ ውጭ ላወጣ አንዱን ጠርሙስ ባነሣ በእጄ ላይ ፈነዳ። የዚያ ሌሊት ጠባሳ እስከ ዛሬ በቀኝ መዳፌ ላይ አለ። ይህንም ለእናቴ በስልክ ስነግራት፣ ‹‹ልጄ፣ ጋን እኮ ይተነፍሳል፤ ያንተ ጠርሙስ በየት ይተንፍስ?›› አለችኝ። ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር ላይ ያነበብሁት ሁሉ የዚህች ጥያቄ ሐተታ ሆኖ ታይቶኛል።

ስለ ፍላት ባሕርይ በአጭሩ ልናገር። አማርኛ ድስት በእሳት ላይ ሲንተከተክና ድፍድፍ በጋን ውስጥ ሲንተከተክ ሁለቱንም ‹‹ፈላ›› ይላል፤ ሮማውያንም እርሾን የሰየሙበት ቃል ‹‹ፈላ›› ከሚለው ግሣቸው የወጣ ነበርና፣ የሁለት ሩቅ አገር ሰዎች ዐይን አንድ ነገር አይቷል ማለት ነው። በዚህ ያለ እሳት በሚሆን ፍላት እርሾ የሚባለው ረቂቅ ሕያው ፍጥረት ከብቅሉ የወጣውን ስኳር ተመግቦ ሁለት ነገር ይተዋል፤ አንደኛው አልኮል፣ ሁለተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ጌ ሉሳክ በ1815 የዚህን ለውጥ ሒሳብ አቀና፤ ዛሬ በምንጠቀምበት ቍጥር ብናስቀምጠው 180 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ሲፈላ 92 ግራም ያህል አልኮልና 88 ግራም ያህል ጋዝ ይሆናል። እርሾው ሕያው መሆኑን በ1837 ጀርመናዊው ሽቫንና ፈረንሳዊው ካኛር ደ ላ ቱር እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ገለጡ፤ ሉዊ ፓስተርም ስለ ቢራ የጻፈውን ትልቅ ጥናት በ1876 አሳተመ። ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚበቃን ይህ ነው፤ ከስኳሩ ክብደት እኩሌታ የሚጠጋው ጋዝ ይሆናል፣ ከዚህም ጋዝ አንዱ ግራም በነፃ ቢለቀቅ ግማሽ ሊትር የሚያህል ስፍራ ይይዛል።

አሁን ወደ እናቴ ጋን እንመለስ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ጢስ ታጥኖ፣ ጠላው ከተሞላበት በኋላ አፉ ቢመረግም፣ ምርጊቱ ጭቃ፣ ግድግዳውም የሸክላ አፈር ነው፤ ጋዙ ሲበዛ ጭቃው ይሰነጠቅለታል እንጂ ጋኑ አይፈነዳም። መጠጡም ለበዓል ወይም ለማኅበር ተብሎ የተጠመቀ ስለ ሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ ተቀድቶ ያልቃል። ስለዚህ አባቶቻችንና እናቶቻችን በሺህ ጋን መካከል ጉሹን ከደረሰው በጥቂት ቀን ቢሳሳቱ የሚያገኛቸው ቅጣት የጣዕም መጕደል፣ ቢበዛም የሆድ መነፋት ነበር። መጽሐፈ ኢዮብን ያነበበ ሰው ኤሊሁ በውስጡ የታመቀውን ንግግር መተንፈሻ ካጣ የወይን ጠጅ ጋር እንዳመሳሰለው ያስታውሳል፤ ያ ምሳሌ በአቁማዳ ዘመን ለነበረ ሰው በቀላሉ የሚገባ ነበር። ለእኛ ግን ጋናችን ይቅር ባይ ስለ ነበረ ምሳሌው እንግዳ ሆኖ ኖሯል፤ ጠርሙስና ቆርኪ የመጡብን በዚህ ልማድ ላይ ነው። ቆርኪን ዊልያም ፔይንተር በአሜሪካ በባልቲሞር ፈልስፎ የባለቤትነት መብት ያገኘበት በ1892 ነውና፣ በቤት ጠላ ላይ እንዲህ ያለ ጽኑ ክዳን መምታት ለእኛ ገና የትናንት ሥራ ነው።

ጠርሙስ ቀድሞ የገባባቸው አገሮች ግን ይህን ትምህርት በብዙ ስብራት ተምረዋል። በ1662 በታተመው የቶማስ ፉለር መጽሐፍ እንደ ተተረከው፣ በኋላ በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለቃ የሆነው አሌክሳንደር ኖዌል ዓሣ ሲያጠምድ ይዞት የነበረውን አንድ ጠርሙስ ቢራ በሣር ውስጥ ረስቶት ሄደ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ሲከፍተው እንደ ጠመንጃ ጮኸ ይባላል። ሰዎች ይህን ታሪክ የጠርሙስ ቢራ መጀመሪያ አድርገው ሲያወሩት ይኖራሉ፤ እኔ ግን መጀመሪያ ከመሆኑ ይልቅ ማስጠንቀቂያነቱ ይበልጥብኛል፣ የኖዌል ጠርሙስ ከመከፈቱ ቀድሞ በእጁ ላይ ቢፈነዳ ኖሮ የሚተርከው አይኖርምና። በዚያው በ1662 ክሪስቶፈር ሜሬት በለንደን ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ ወይን ሻጮች ወይናቸውን ሕያውና የሚፈላ ለማድረግ ስኳር እንደሚጨምሩበት ገለጠ። በፈረንሳይ በሻምፓኝ አገር ደግሞ በጠርሙስ ውስጥ ዳግመኛ የሚፈላው ወይን በየምድር ቤቱ ስለሚፈነዳ፣ ሠራተኞቹ የብረት ጭምብል ፊታቸው ላይ አድርገው በጠርሙሶቹ መካከል ይመላለሱ ነበር፤ አንዱ ሲፈነዳ ጎረቤቱን ይሰብራል፣ ጎረቤቱም ሌላውን፣ እንዲህ እያለ የአንድ ጓዳ ሀብት በአንድ ሌሊት ይጠፋ ነበር። ከዚህ መከራ ያወጣቸው የሻሎን ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ዣን ባፕቲስት ፍራንስዋ ነው፤ እርሱ በ1830ዎቹ በወይኑ ውስጥ የቀረው ስኳር ምን ያህል እንደ ሆነ ለክቶ፣ ስንት መጨመር እንደሚገባም አስልቶ የሚያሳውቅ ዘዴ አወጣ። ጭምብሉ የሠራተኛውን ፊት ይጠብቅ ነበር፤ ጠርሙሱን የጠበቀው ልኬቱ ነው።

ልኬቱ በዛሬ የቤት ጠማቂ እጅ ሃይድሮሜትር በሚባል ተንሳፋፊ መስታወት ይፈጸማል። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲቆም 1.000 ያነባል፤ ስኳር ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ ስኳሩ እየተበላ አልኮል ሲተካው ደግሞ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ተፈልቶና ቀዝቅዞ እርሾ የገባበት የብቅል ውሃ በመጀመሪያ ቀን 1.048 ቢያነብ፣ በፍጻሜው ወደ 1.011 ይወርዳል እንበል፤ ጠማቂው ግን ቸኩሎ በ1.015 ላይ ሳለ አሸገው። በዐይን ሲታይ በሁለቱ መካከል ያለው የአራት ነጥብ ልዩነት ከንቱ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ነጥብ በአንድ ሊትር ውስጥ አንድ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወልዳልና አራቱ ነጥብ አራት ግራም ይጨምራሉ። ተራ ቢራ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚይዘው ጋዝ 5 ግራም ያህል ነው፤ ይህም ከፍላቱ ከቀረው 1.7 ግራምና ጠማቂው በጠርሙሱ ላይ ሆን ብሎ ከሚጨምረው 6 ወይም 7 ግራም ስኳር የሚገኝ ነው። አራቱ ሲደመሩበት ዘጠኝ ይሆናል። በውስጡ ያለው ግፊት እንግዲህ እንደ ሙቀቱ ነው፤ ጋዝ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል፣ በሞቀው ግን ይወጣል። ይህ ዘጠኝ ግራም የያዘ ጠርሙስ በማቀዝቀዣ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሲቀመጥ ግፊቱ ወደ 3 አትሞስፌር ይሆናል፣ በ20 ዲግሪ ከ5 ያልፋል፣ በ30 ዲግሪ ወደ 7 ይጠጋል፤ በትክክል የታሸገው ቢራ ግን በ20 ዲግሪ ላይ እንኳ 3 አይሞላም። የውጩን የአየር ግፊት ቀንሰን ብናስበው ያ የሞቀ ጠርሙስ ከተራ የቤት መኪና ጎማ ከሁለት እጥፍ በላይ ግፊት ተሸክሟል፤ ጎማው ግን ላስቲክና ሽቦ ሲሆን ጠርሙሱ መስታወት ነው፣ ምናልባትም አስቀድሞ ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ከሌላ ጠርሙስ ጋር ተጋጭቶ ዐይን የማያየው ስንጥቅ የያዘ መስታወት። የእኔ ቁም ሣጥን ከማሞቂያ አጠገብ ነበርና ከዚህ ሒሳብ የትኛው ደረጃ ላይ እንደ ነበርሁ ታያላችሁ።

ታዲያ ሰው ስለ ምን ይሳሳታል? ሐሰተኛ ምስክሮችን ስለሚያምን ነው። ከሁሉ የሚታመነው የአረፋው መቆም ነው፤ እርሱ ግን ከምስክሮች ሁሉ የከፋ ነው። እርሾ ሲበርደው ሥራውን ሳይፈጽም ይተኛል፤ ሙቀት ሲያገኝ ግን ተነሥቶ ከተወበት ይቀጥላል፣ የእኔም ጠላ ያደረገው ይህንኑ ነው። በርሜሉ ክዳን ላይ ቀዳዳ ካለ ጋዙ በዚያ ይወጣና አረፋው የሚታይበት የመተንፈሻ ቱቦ ዝም ይላል፤ በአንጻሩም የፈጸመ ቢራ ቀን ሲሞቅ የተሟሟ ጋዙን እየለቀቀ ይንተከተካል። ሁለተኛው ሐሰተኛ ምስክር ቀን መቍጠሪያው ነው፤ ‹‹ሁለት ሳምንት ሞልቶታል›› የሚል ሰው የእርሾውን ጉልበት፣ የቤቱን ሙቀትና የብቅሉን ብርታት አልጠየቀም። መቅመስም አይበቃም፤ ጥቂት ግራም ስኳር በጌሾ ምሬት ሥር ተሸሽጎ ያልፋል። ሃይድሮሜትሩ ራሱ እንኳ በጥንቃቄ ካልተያዘ ያሳስታል፤ የጋዝ አረፋ ከግንዱ ላይ ተጣብቆ ወደ ላይ ያነሣዋልና፣ ለመለኪያ የተቀዳው ፈሳሽ አስቀድሞ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እየተገለበጠ አረፋውን መጣል ይገባዋል።

የሚታመነው አንድ ልኬት ሳይሆን የልኬቶች ስምምነት ነው። በሞቀ ስፍራ ተቀምጦ በሦስት ተከታታይ ቀን አንድ ዐይነት ቍጥር ያነበበ ቢራ ፈጽሟል ለመባል ይበቃል፤ ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ በልኬቶቹ መካከል ሳምንት ይቈይ። ከዚህም የሚበልጥ አንድ ዘዴ አለ፣ እኔ ከልቤ የምወደው። ከበርሜሉ ሁለት ወይም ሦስት ብርጭቆ ቀድቶ፣ እርሾ አብዝቶ ጨምሮበት፣ በሞቀ ስፍራ አኑሮ ደጋግሞ ማወዛወዝ ነው፤ ያ ትንሽ ቅጂ በጥቂት ቀን ውስጥ እስከ መጨረሻው ይፈላና የበርሜሉ ፍጻሜ የት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይነግራል። እርሱ 1.011 ብሎ ከቆመ፣ በርሜሉ በ1.015 ላይ ዝም ቢል እንኳ ተኝቷል እንጂ አልደረሰም። ፍላቱ በጠርሙስ ውስጥ እንዲፈጸም ሆን ብለው ጥቂት ቀደም አድርገው የሚያሽጉ ጥበበኞችም አሉ፤ ፍጻሜውን በዚህ መንገድ በቍጥር ስለሚያውቁት ነው ይህን የሚደፍሩት።

ከሁሉ በላይ ላሳስባችሁ የምፈልገው ግን የራሳችንን ጠላ የሚመለከተውን ነው፤ ስለ ቢራ በተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ ይህን አላገኘሁትም፣ ይሁን እንጂ ከሁለቱ አጠማመቅ ልዩነት በግልጽ የሚወጣ ነገር ነው። ብቅል በውስጡ ኤንዛይም የሚባል ኀይል አለው፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው እርሱ ነው። ቢራ ጠማቂ የብቅሉን ውሃ ካጠለለ በኋላ ሆፕ ከሚባለው መራራ ተክል ጋር ያፈላዋል፤ በዚህ እሳት ኤንዛይሙ ይሞታልና የስኳሩ መጠን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የተቈረጠ ነው፣ ሊጨምር አይችልም። የእኛ ጠላ ግን የብቅሉ ዱቄት እሳት ሳይነካው በጥንስሱ ውስጥ ይገባል። እንኩሮው ቢበስልም፣ አሻሮው ቢቈላም፣ ብቅሉ ኀይሉን እንደ ያዘ ነው፤ ስለዚህ እርሾው የዛሬውን ስኳር ሲጨርስ ኤንዛይሙ ከድፍድፉ ስታርች የነገውን እየቀዳ ያቀርብለታል። ሃይድሮሜትሩ ዛሬ የቆመ ቢመስል የቆመው ማዕዱ እስኪቀርብ ነው። በዚህ ላይ ከጌሾው፣ ከዱቄቱና ከዕቃው ጋር የገቡ ልዩ ልዩ የዱር እርሾዎችና ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከእርሾዎቹ ወገን ተራው እርሾ የማይነካውን ስኳር ለወራት ቀስ እያሉ የሚበሉ ይገኛሉ፤ ከእነዚህ አንዱን ወገን ዴንማርካዊው ኒልስ ክላውሰን በ1904 ብሬታኖማይሲስ ብሎ ሰይሞታል። እንግዲህ ለቢራ የሚበቃው የሦስት ቀን ስምምነት ለጠላ አይበቃም። ሐሳቤን በግልጽ ልናገር፤ ያልተፈላ ብቅል ያለበትን ጠላ በመስታወት ጠርሙስ ውስጥ በቆርኪ አትሞ ከማቀዝቀዣ ውጭ ማኖር ፈጽሞ የማይገባ ሥራ ነው። ለጥቂት ቀን ማኖር ቢያስፈልግ በቀዝቃዛ ስፍራ፣ ክዳኑ ላላ ባለ ዕቃ ይቀመጥ። ጠጅም ቢሆን ቀስ ብሎ የሚፈላ ስለ ሆነ፣ ጣፋጭ ሳለ ለስጦታ ተብሎ በወይን ጠርሙስ ታሽጎ የሚላከው ሁሉ በዚሁ ፍርድ ሥር ነው።

ይህን ለመናገር የምቸኩልበት ምክንያት አለኝ። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ሁለት ዐዋቂዎች ያሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለት ወደ 757 ሊትር ቢራ ለራሱ ያለ ግብር እንዲጠምቅ ተፈቅዷል፤ ጠርሙሱ፣ ቆርኪው፣ የቆርኪ መምቻውም በየሱቁ ይገኛል። በስደት ያለው ወገናችን ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለሠርግ የአገሩን ጠላ ሲጠምቅ፣ ጋኑን ትቶ ጠርሙሱን ያነሣል፤ ሃይድሮሜትሩን ግን ብዙ ጊዜ አያነሣም፣ እናቱ በመለኪያ ስትጠምቅ አላየምና።

ሳይደርስ ያሸገ ሰው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ሕፃናትን ከክፍሉ ያስወጣ፣ በሩንም ይዝጋ፤ የሞቀን ጠርሙስ በእጁ አያንሣ፣ እኔ የበደልሁት በዚህ ነውና። ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ የውጩ አየር ቀዝቃዛ ከሆነ መስኮቱን ከፍቶ አንድ ቀን ሙሉ ይተወው፤ ብርዱ ጋዙን መልሶ ወደ ፈሳሹ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ወፍራም የቆዳ ጓንትና የዐይን መከላከያ አድርጎ፣ ጠርሙሱን በወፍራም ፎጣ ጠቅልሎ፣ ቆርኪውን በፎጣው ውስጥ በቀስታ ያላላው። ወደ ፊትም ሲያሽግ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከዚያው መጠጥ ሞልቶ ከመስታወቶቹ መካከል ያቁም፤ በየቀኑ በጣቱ ሲጫነው እንደ ድንጋይ የጠጠረ እንደ ሆነ የመስታወቶቹም ውስጥ እንዲሁ ነውና ሁሉን ወደ ማቀዝቀዣ ይውሰድ።

ያን ሌሊት ቁም ሣጥኑን ዘግተን፣ አራሷንና ሕፃኑን ወደ ጎረቤት ወስደን፣ መስኮቱን ለበረዶው ከፈትንለት። በማግስቱ አመሻሽ ላይ አንድ ወዳጄ የብየዳ መነጽሩንና ጓንቱን አውሶኝ፣ የታሰረ እጄን በጓንቱ ውስጥ አግብቼ፣ የቀሩትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ በፎጣ ሥር ከፈትኋቸው። እኩሌታው በአረፋ ወጥቶ ፈሰሰ፤ የተረፈውን፣ ስባሪ እንዳይኖርበት በነጠላ ሁለት ጊዜ አጥልዬ፣ ወደ በርሜሉ መለስሁት። ለክርስትናው የመጡት እንግዶች በጆግ እየተቀዳላቸው የጠጡት ያንኑ ጉሽ ነበር።